ትንፋሽ በሜትር

ሲኦፒዲ የአየር ቧንቧዎች እየጠበቡ፣ የሳንባ ከረጢቶችም እየተበላሹ የሚሄዱበት ሥር የሰደደ ሕመም ነው። እንደ ደምበጫ ባለ የጎጃም ደጋ በስሙ የሚጠራው ጥቂት ነው፤ «አስም ነው» ይባላል፣ አለዚያም በእርጅና ይመካኛል። በብዙ አገር ዋናው መንሥኤ ሲጋራ ነው። እዚህ ግን ሲጋራ ነክታ የማታውቅ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ውስጥ እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት አቀበቱ ላይ ቁና ቁና ስትተነፍስ ትታያለች።

ሕመሙ ጨርሶ ስለማይድን፣ አንድ ሕክምና «ሠራ» የሚባለው በምን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት። የመጀመሪያው መለኪያ ስፓይሮሜትር ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1846 ያስተዋወቀው መሣሪያ። ታካሚዋ አየር እስከ ጥግ ስባ ባላት ኃይል ሁሉ ታወጣዋለች። በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው ከጠቅላላው 70 በመቶ ካልሞላ፣ የአየር ቧንቧ የሚከፍተው ሳልቡታሞል ተነፍቶላት 15 ደቂቃ ያህል ከተጠበቀ በኋላም ካልሞላ፣ ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው። አስም ቢሆን ኖሮ ብዙውን ጊዜ ይከፈታል።

መሣሪያው ግን ሁሉን አይናገርም። አንድ መድኃኒት በሰከንድ 100 ሚሊ ሊትር አየር ቢጨምር፣ ለእሷ ቁም ነገሩ ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ቆማ እንዳረፈች ነው። የስድስት ደቂቃ ርምጃ የሚባለው ፈተና የሚመልሰው ይህንኑ ነው። የሚፈልገው 30 ሜትር ቀጥ ያለ ኮሪደርና ደቂቃ መቁጠሪያ ሰዓት ብቻ ነው። መሮጥ አይፈቀድም፤ የደከማት ቆማ ታርፋለች፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ከሕክምናው በኋላ ርቀቱ በ30 ሜትር ገደማ ከጨመረ ትርጉም ያለው ለውጥ ነው ይባላል። የትንፋሽ ማጠሩንም ታካሚዋ ራሷ ከ0 እስከ 10 ትመዝነዋለች።

ከሁሉ የሚከብደው ታካሚዋ ተመላላሽ መሆኗ ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ታይታ ቤቷ ትገባለች፤ መድኃኒቱን በትክክል መሳቧን የሚያይ የለም። ጉንፋን አብሶባት የመጣች ሴት ደግሞ ያለ መድኃኒትም ሊሻላት ይችላል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን መድኃኒቱ ነው። ለዚህ ነው ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ መድኃኒት የሚሰጣቸው። ማን የትኛው እንደደረሰው ታካሚዋም ሐኪሙም አያውቁም።

ሌላው ሕክምና የትንፋሽ ልምምድ ነው፤ እሱን ግን በባዶ መድኃኒት መደበቅ አይቻልም። በጣም የታወቀው በአፍንጫ ስቦ፣ ከንፈርን አሞጥሙጦ በዝግታ ማውጣት ነው፤ እሳት «እፍ» ለሚል ሰው አፉ አዲስ አይሆንበትም፣ ኃይሉን ብቻ መቀነስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ በ1,233 ሰዎች ላይ የተደረጉ 16 ጥናቶችን መርምሮ፣ እንዲህ ያለው ልምምድ የርምጃውን ርቀት እንደሚያረዝም አገኘ። ትንፋሽ ማጠሩን ስለማቅለሉ ግን ውጤቱ ወጥ አልነበረም።

የሚሳቡት መድኃኒቶች በሰፊው ተፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ የወጣው ቶርች የተባለ ጥናት 6,112 ታካሚዎችን ለ3 ዓመት ተከታተለ። ሁለት መድኃኒት በአንድ የወሰዱት 12.6 በመቶ፣ ባዶውን የወሰዱት 15.2 በመቶ ሞቱ፤ ልዩነቱ ለጥቂት ከአጋጣሚ ሊለይ አልቻለም፣ የሳንባ ምችም በወሳጆቹ ላይ በዛ። በዓመቱ የወጣው አፕሊፍት የተባለ ጥናት ደግሞ ቲዮትሮፒየም የተባለውን መድኃኒት በ5,993 ሰዎች ላይ ለ4 ዓመት ፈተነ። የሳንባውን መድከም አላዘገየም፤ ሕመሙ በድንገት የሚብስባቸውን ቀናት ግን ቀነሰ።

ሁለቱም ጥናቶች የሚመዘግቡት ቢያንስ በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ ለ10 ዓመት ወይም የዚያን ያህል ያጨሰን ሰው ብቻ ነበር። የደምበጫዋ እናት በዚህ መስፈርት ከበር ትመለስ ነበር።