ፍርሃትን በአርአያ ስለ መፈወስ

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ዳሩ ግን እባብ ከቶ ሳይነካው፣ እናቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ሲደነግጥ በማየት ብቻ ፍርሃትን የወረሰ ሰው ስንት ነው! በካናዳ ሙንዳሬ በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1925 ተወልዶ፣ በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ያስተማረው የሥነ ልቡና ሊቅ አልበርት ባንዱራ፣ ፍርሃት በማየት የሚገባ ከኾነ በማየት ስለ ምን አይወጣም ሲል መረመረ።

ይህን ሊቅ ብዙዎች የሚያነሡት፣ ትልቅ ሰው ሲያደርግ አይተው አሻንጉሊት በደበደቡት ሕፃናት ሙከራው ነው፤ ለእኔ ግን የሚበልጥብኝ የፈውሱ ሥራ ነው። በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ውሻ የሚፈሩ ከ3 እስከ 5 ዓመት የኾናቸው ሕፃናት፣ የማይፈራ እኩያቸው ቀስ በቀስ ወደ ውሻ እየቀረበ ሲጫወት ተመለከቱ፤ ከእነርሱም የሚበዙት በኋላ ውሻው ካለበት አጥር ገብተው ብቻቸውን አብረውት ለመቆየት በቁ።

በ1969 የታተመው ጥናታቸው ከዚህ ይጠልቃል። እባብን ከመፍራታቸው የተነሣ ኑሯቸው የታወከባቸውን ሰዎች ከፋፍለው፣ ለአንዳንዶቹ ፊልም አሳዩ፤ አንዳንዶቹን ሰውነታቸውን እያዝናኑ የሚፈሩትን በኅሊናቸው እንዲሥሉ አደረጉ፤ ለሌሎች ደግሞ ሐኪሙ ራሱ መርዝ የሌለውን እባብ በፊታቸው ይዞ አሳየ። ሐኪሙ አሳይቶ አልተወም፤ የእባቡን ራስና ጅራት አጥብቆ ይዞ ሕመምተኛው መሐሉን እንዲዳስስ፣ አስቀድሞ በጓንት ኋላም በባዶ እጁ እንዲነካ እየረዳው፣ ድፍረቱ በጨመረ መጠን የገዛ እጁን እየሰበሰበ፣ በመጨረሻ ሥራውን ሁሉ ለባለ ፍርሃቱ ለቀቀለት። በዚህ መንገድ ከታከሙት 92 በመቶ ያህሉ ፍርሃታቸው ፈጽሞ ለቀቃቸው፤ ፊልም ማየትም ጠቅሟል፣ ነገር ግን ይህን ያህል አልደረሰም።

ስለዚህ በቃል ምክር ብቻ ፍርሃትን እናስወግዳለን የሚሉትን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። ባንዱራ በ1977 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ሰው እችላለሁ ብሎ በራሱ እንዲታመን ከሁሉ ይልቅ የሚያጸናው በገዛ እጁ የፈጸመው ሥራ ነው፤ የሌላውን አርአያ ማየት ከዚያ ያንሳል፣ ማባበልማ ይበልጥ ደካማ ነው። በዚያ በእባቡ ጥናት በሌሎቹ መንገዶች ያልተፈወሱትም በኋላ ወደ ሐኪሙ እጅ ተዛውረው በጥቂት ጊዜ ውስጥ እባቡን ያዙ።