ሰዓቱ የቆጠረው ካሎሪ አይበላም

ተረት፦ በስፖርት ያቃጠልኩትን ያህል ጨምሬ ብበላ ክብደቴን አይነካውም።

በየጂሙ የሚሰማ ስሌት ነው። የመሮጫ ማሽኑ ወይም የእጅ ሰዓቱ «600 ካሎሪ» ብሎ ያሳያል። ምግብ የሚመዘገብበት መተግበሪያም ቁጥሩን ተቀብሎ ለዕለቱ በተፈቀደው ላይ ይደምረዋል። ሰውየውም «አቃጥዬዋለሁ» ብሎ እራቱ ላይ አንድ እንጀራና አንድ ቢራ ይጨምራል። ሁለት ወር አልፎ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በማለዳ እየተነሡ ሲሠሩ፣ የበሉትን ሁሉ ሲመዘግቡ ከርመው «የኔ ሰውነት እንቢ ይላል» በሚል ተስፋ መቁረጥ ሁሉንም እርግፍ አድርገው የተዉ ሰዎች አይቻለሁ። ሌሎቹ ደግሞ የማቅጠኛ ሻይና ክኒን ሻጮች እጅ ይወድቃሉ። ሰውነታቸው ምንም አልሆነም፤ የተሳሳተው ሒሳቡ ነው።

እውነታ፦ ሐሳቡ ከነጭራሹ ውሸት አይደለም። የሚሠራ ሰውነት ጉልበት ያወጣል፤ ያወጣውንም መተካት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮች በልምምድ ላይ ሳሉ በቀን ከ3,000 ካሎሪ በላይ እንደሚበሉና የሚያወጡትም ከዚያው ጋር የሚቀራረብ እንደሆነ አሳይቷል። እነሱን «ያቃጠላችሁትን አትብሉ» ማለት ጤናቸውን ማበላሸት ነው። ከሥራ መልስ ለአርባ ደቂቃ ጂም የሚገባ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የእሱ ሒሳብ ሦስት ቦታ ላይ ይፈርሳል።

አንደኛ፣ መሣሪያዎቹ በደንብ አይለኩም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 በ60 ሰዎች ላይ ሰባት ዓይነት የእጅ መሣሪያዎችን ፈትሸው ነበር። የልብ ምት ቆጠራቸው ደህና ሆኖ ተገኘ። በካሎሪው ግን ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ሲሳሳት፣ የባሰው 93 በመቶ ስቷል። ክብደታችሁን እንኳ ሳይጠይቅ ቁጥር የሚነግራችሁ የመሮጫ ማሽንማ ከግምት ያለፈ ነገር የለውም።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ ሁሉም «ተጨማሪ» አይደለም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ፈጠን ብሎ አንድ ሰዓት ቢራመድ ወደ 245 ካሎሪ ያወጣል። ያንን ሰዓት ሶፋ ላይ ቢያሳልፈውም ግን 70 ገደማ ማውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ እግሩ ያመጣለት ልዩነት 175 ብቻ ነው። የቀኑን ሽያጭ በሙሉ ትርፍ ነው ብሎ የሚበላ ነጋዴ ሱቁን እንደሚዘጋ ሁሉ፣ 245ቱን የበላም ይከስራል። በዚያ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው። የሰዓቱ እርምጃ ሽሮው ውስጥ ሳይለካ ከተንቆረቆረው ዘይት አንድ ማንኪያ ተኩል እንኳ አይሞላም። መተግበሪያውን ሲከፍቱ «በጣም ተንቀሳቃሽ ነኝ» የሚለውን የመረጡ ደግሞ ስፖርታቸው መጀመሪያውኑ ተቆጥሮላቸዋል፤ ሲደምሩት ሁለት ጊዜ መቁጠራቸው ነው።

ሦስተኛ፣ ሰውነት ራሱ ይቆጥባል። ኸርማን ፖንዘርና ባልደረቦቹ በሰሜን ታንዛኒያ እያደኑና ሥር እየቆፈሩ የሚኖሩትን ሃድዛዎች አጥንተው ውጤቱን በ2012 አሳተሙ። ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀሱት ሃድዛዎች፣ የሰውነታቸው መጠን ታስቦ ሲታይ፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሰዎች የሚበልጥ ካሎሪ አያወጡም። በ2021 የወጣ ሰፊ ትንተና ደግሞ በእንቅስቃሴ ከሚወጣው ተጨማሪ ካሎሪ 28 በመቶ ያህሉን ሰውነት ከሌላ ወጪው ቀንሶ እንደሚያካክሰው ገምቷል። ይህ እንዴትና በማን ላይ ይበልጥ እንደሚከሰት ሳይንቲስቶቹ ገና እየተከራከሩ ነው፤ እኔም 28ቱን ለእያንዳንዱ ሰው እንደሚሠራ ሕግ አድርጌ አልሰጥም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፦ በወረቀት ላይ የወጣው ሁሉ ከሰውነት አይወጣም።

ትዕግሥቴን የሚያስጨርሱኝ ይህን ሁሉ እያወቁ «ዛሬ 1,000 ካሎሪ አቃጥላችኋል፤ ሂዱና እንደልባችሁ ብሉ!» የሚሉት አሠልጣኞችና የቪዲዮ ሰዎች ናቸው። ሰው በሩጫ የሚያወጣው በኪሎ ሜትር፣ በአንድ ኪሎ ክብደት፣ አንድ ካሎሪ ገደማ ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት 1,000 ለመድረስ ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ አለባት። በአንድ ሰዓት የዙምባ ክፍል ውስጥ ያንን የምታደርግ ካለች ዙምባውን ትታ ብሔራዊ ቡድን ትግባ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ክብደት ለመቀነስ የምትመዘግቡ ከሆነ የዘወትር እንቅስቃሴያችሁን መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ አስቡትና በየቀኑ መደመሩን ተዉት። እንደ ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር የሮጣችሁበት ቀን ከሆነና ከራባችሁ ከተቆጠረው ግማሹን ያህል መብላት ለመነሻ አይከፋም። ከዚያ ዳኛው ሚዛኑ ይሁን፤ የአንድ ቀኑን ሳይሆን የየሳምንቱን አማካይ እያያችሁ ምግቡን ከፍና ዝቅ አድርጉ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱና ነፍሰ ጡሮች ግን መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ።

ተረት፦ ብዙ ያላበው ብዙ ስብ አቀለጠ።
እውነታ፦ ላብ ውሃና ጨው ነው። ላስቲክ ለብሶ መሮጥ የሚቀንሰው ኪሎ ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል፤ በሙቀት መታመምን ግን ሊያስከትል ይችላል።

ተረት፦ ሲት አፕ ቦርጭ ያጠፋል።
እውነታ፦ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል። ሰውነት ግን ስብ የሚወስደው ከሚሠራው ጡንቻ ላይ መርጦ አይደለም።

ተረት፦ የጾም ምግብ አያወፍርም።
እውነታ፦ ቅቤ ቀርቶ ዘይቱ ሲበዛ ያወፍራል። ሆድ ምግቡ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

ተረት፦ ካላከሳኝ ስፖርቱ ምን ይሠራልኛል?
እውነታ፦ ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኸኛው ነው፤ የመጀመሪያው ተረት የወለደው ነውና። እንቅስቃሴ ሰውዬው አንድ ኪሎ ባይቀንስም የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ያሻሽላል፣ እንቅልፍ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚመክረው ለማክሳት ብሎ ብቻ አይደለም። የቀነሱትን ክብደት ጠብቀው ለዓመታት የቆዩ ሰዎችም አብዛኞቹ አዘውትረው የሚንቀሳቀሱ ናቸው። እንግዲህ መተግበሪያው ላይ የስፖርት ካሎሪ መደመሪያውን አጥፉት፤ የማለዳውን ማንቂያ ግን እንዳትነኩት።