የዲሲ ስም፣ የሜሪላንድ ቤት

በቅርቡ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነበር። ከጎኔ የነበሩት አዛውንት ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ወሬ ሲነሳ፣ ልጃቸው ዲሲ እንደሚኖር ለጎረቤት ሁሉ ሲናገሩ ዓመታት ማስቆጠራቸውን አጫወቱኝ። እዚህ ከደረሱ በኋላ ግን ለቤቱ በሚመጣው ፖስታ ሁሉ ላይ የሚያነቡት «ሜሪላንድ» የሚል ሆነባቸው። «ልጄ፣ ዋሽቶኝ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አልዋሸዎትም፣ ሁላችንም እንደዚያው ነው የምንለው አልኳቸው። «እንግዲያው ሁላችሁም ተነጋገሩበት» ብለው ዝም አሉ። ጥያቄያቸው ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

ልማዱን የማያውቅ የለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከታኮማ ፓርክ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከፌርፋክስ ወደ አገር ቤት የሚደወለው ስልክ ሁሉ «ከዲሲ» ነው። አዳራሹ ቨርጂኒያ ቢሆንም ኮንሰርቱ «በዲሲ» ተብሎ ይለጠፋል። በዚህ ብቻችንን አይደለንም። ፔንታገን የቆመው በቨርጂኒያ አርሊንግተን መሬት ላይ ሲሆን የፖስታ አድራሻው ግን ዋሽንግተን ዲሲ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፍበት የደለስ ኤርፖርትም ቨርጂኒያ ነው፤ በስሙ ላይ «ዋሽንግተን» የተጨመረለት በ1984 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2020 ቆጠራ የዲሲ ሕዝብ 689,545 ነበር። በዚያው ቆጠራ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ብቻውን 1,062,061፣ የፌርፋክስ ካውንቲ ደግሞ 1,150,309 ሰው ተቆጥሮበታል። ከተማዪቱ በሕዝብ ብዛት ከሁለቱ ካውንቲዎች ታንሳለች፤ ስሟ ግን ሁሉንም ይሸፍናል።

ይህን ጉዳይ ስከታተል ከሁሉ በላይ ልቤን የሳበው የድንበሯ ታሪክ ነው። ኮንግረሱ በ1790 ባወጣው ሕግ ለመንግሥት መቀመጫ እያንዳንዱ ጎኑ 10 ማይል የሆነ አራት ማዕዘን መሬት ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ተወሰደ። የቅየሳው መሪ አንድሩ ኤሊኮት ነበር። በሥራው መጀመሪያ ወራት ሰማዩን በመሣሪያ እየተመለከተ የቦታውን ልክ ለማግኘት የረዳው ደግሞ ቤንጃሚን ባኔከር ነው፤ ነፃ ሆኖ የተወለደ፣ የሥነ ፈለክን ትምህርት ከመጻሕፍት በራሱ ጥረት የቀሰመ የሜሪላንድ ጥቁር ገበሬ። ባኔከር በ1791 ነሐሴ ለቶማስ ጀፈርሰን ደብዳቤ ጽፎ፣ የነፃነትን አዋጅ የጻፈ ሰው ባሪያ ማሳደሩን ፊት ለፊት ወቅሶታል። የመጀመሪያው የድንበር ድንጋይ በ1791 ሚያዝያ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ጆንስ ፖይንት በተባለው ቦታ ተተከለ። ከዚያ በየማይሉ አንድ አንድ እየተባለ 40 ድንጋዮች ቆሙ። አብዛኞቹ ዛሬም አሉ። የሰሜኑ ማዕዘን ድንጋይ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ በኢስት ዌስት ሀይዌይ ዳር ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ በየዕለቱ በአጠገቡ የሚያልፉ የእኛ ሰዎች ምን እንደሆነ አያውቁትም።

አሌክሳንድሪያ ደግሞ በአንድ ወቅት በእርግጥ ዲሲ ነበረች። ከ1801 ጀምሮ በኮንግረሱ ሥር ቆይታ በ1847 ወደ ቨርጂኒያ ተመለሰች። ከምክንያቶቹ አንዱ የባሪያ ንግድ ነው። ከተማዪቱ የዚህ ንግድ ትልቅ ገበያ ስለነበረች፣ ነጋዴዎቿ ኮንግረሱ በዲሲ ንግዱን ይከለክላል ብለው ይሰጉ ነበር። ስጋታቸውም እውነት ሆነ፤ በ1850 ተከለከለ። ስለዚህ «የአሌክሳንድሪያ ሰው ዲሲ ነኝ ቢል ታሪክ ይደግፈዋል» የሚሉ አጋጥመውኛል። ያ ታሪክ ግን አሌክሳንድሪያ ከዲሲ ለምን እንደወጣችም ይናገራል። በዚያ ላይ ፖስታቸው «አሌክሳንድሪያ» የሚል ብዙ ቤቶች ከከተማዪቱ ወሰን ውጭ፣ በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግም ቢሆን ስሙ ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር በ1840 ካገኘው ምንጭ የመጣ እንጂ የራሱ ከንቲባና ምክር ቤት ያለው ከተማ አይደለም። መንገዱን የሚጠርገውም ሆነ ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው ካውንቲው ነው።

በዚህ ጉዳይ ካነጋገርኳቸው ሰዎች ሁሉ እንደ አንድ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሾፌር ነገሩን ያስረዳኝ የለም። የደርግን ዘመን ሸሽተው በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው። «ጋሼ» እያልኩ ነበር የማናግራቸው።

«እኔ አዳምስ ሞርጋን ነው የገባሁት» አሉኝ። «አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ወንድ ነበርን። ዲሲ ማለት ያ ክፍል ነው። ሥራ ያገኘሁት፣ ሚስቴን ያገኘሁት፣ እንግሊዝኛ የተማርኩት ዲሲ ነው። ኪራዩ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪት ወረድን፣ ያም ሲወደድ ሜሪላንድ ገባን። ቤት ቀየርን እንጂ አገር የቀየርን አልመሰለንም።»

ታክሲያቸው የተመዘገበው በዲሲ ነበር። «ማታ ኢስተርን አቬኑን ስሻገር የጣሪያውን መብራት አጠፋለሁ። ከዚያ ወዲያ ሰው መጫን አልችልማ። ድንበሩን ጣቶቼ ያውቁታል፤ አፌ ግን እስከ ዛሬ ዲሲ ነው የሚለው።» ሜሪላንድ ከገቡ በኋላ ግብራቸውን ለማን ይከፍሉ እንደነበር ስጠይቃቸው «ለሜሪላንድ ነዋ! ቀኑን ሙሉ የዲሲን አስፋልት እየፈጨሁ ለዲሲ ሳንቲም ሰጥቼ አላውቅም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ለዲሲ ራሷን በከፊል እንድታስተዳድር የፈቀደው የ1973ቱ ሕግ፣ ከተማዪቱ ነዋሪዋ ካልሆነ ሰው ደመወዝ ላይ ግብር እንዳትጥል ይከለክላታል። ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣው ሁሉ ገቢውን ይዞ ይወጣል።

ያልረሳሁት ግን ስለ ወታደሮቹ የነገሩኝ ነው። በ2025 ነሐሴ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የዲሲን ፖሊስ ለ30 ቀን በፌዴራል ቁጥጥር ሥር አድርገው የብሔራዊ ዘብ ሠራዊት ከተማዋ ውስጥ ሲያሰማሩ፣ እኅታቸው ከአዲስ አበባ ደነገጠችና ደወለች። «ደጅህ ወታደር ቆሟል አሉ፤ ደህና ነህ ወይ? አለችኝ። አይዞሽ፣ እኔ ሜሪላንድ ነኝ አልኳት። ከአርባ ዓመት በኋላ ሜሪላንድ ነኝ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አፈርኩ። ለሰርግ ዲሲ ነኝ፣ ለመከራ ሜሪላንድ ነኝ? እዚያ የቀሩት ጓደኞቼ ምን ይሉኛል?»

የዚህ ጽሑፍ ነገር በሙሉ «ለሰርግ ዲሲ ነኝ፣ ለመከራ ሜሪላንድ ነኝ?» በምትለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የዲሲ ነዋሪ የፌዴራል ግብር ይከፍላል፤ በኮንግረስ ግን ድምፅ የሚሰጥለት የለም። በተወካዮች ምክር ቤት ያለቻቸው አንዲት መቀመጫ ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ የማትሰጥ ናት፤ ሴናተር ደግሞ ጭራሽ የላቸውም። ለፕሬዚዳንት መምረጥ የቻሉት የሕገ መንግሥቱ 23ኛ ማሻሻያ በ1961 ከጸደቀ በኋላ ነው። የራሳቸው ምክር ቤት ያወጣውን የወንጀል ሕግ ኮንግረሱ በ2023 ሰርዞባቸዋል። በ2016 ክልል እንሁን ብለው በብዙ ድምፅ ወስነዋል፤ የተወካዮች ምክር ቤትም በ2020ና በ2021 አጽድቆላቸው ነበር፤ ሴኔቱ አላሳለፈውም። በእነዚህ ሰዎች መካከል የእኛም ሰዎች አሉ። እኛ ከድንበሩ ማዶ ሁለት ሴናተርና ድምፅ ያለው እንደራሴ ይዘን ስማቸውን ብቻ ስንጠራ፣ ችግራቸው የማንም ያልሆነ ያህል ይደበዝዛል።

በአንጻሩ ወዲህ ማዶ ያለውን የራሳችንን መብት አናውቀውም። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ አማርኛ ተናጋሪው ምን ያህል በምርጫ እንደሚሳተፍ አንድ የመንግሥት ኃላፊ ጠይቄ ነበር። በመጀመሪያ በጽሑፍ አቅርብ ተባልኩ፤ አቀረብኩ። ከዚያ «ይህን የምመልሰው እኔ አይደለሁም» የሚል መልስ መጣ። የሚመልሰው ማን እንደሆነ ደግሜ ብጠይቅም ምላሽ አላገኘሁም። ቁጥሩን ባላገኝም፣ የካውንቲው መራጮች በ2020 ምክር ቤታቸው ከ9 ወደ 11 ወንበር እንዲሰፋ ሲወስኑ፣ በየቡና ቤታችን ሲወራ የነበረው የዋሽንግተን ፖለቲካ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ስሙን መቀላቀል የሚያስከትለውም ነገር አለ። የዲሲ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ በ2004 ሲወጣ አማርኛ በከተማዪቱ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል፤ ሜሪላንድ የሚኖር ሰው ይህን ሕግ ጠቅሶ ካውንቲው ቢሮ አስተርጓሚ መጠየቅ አይችልም፤ በራሱ ካውንቲ መታገል አለበት። የዲሲ ነዋሪ ነኝ ብሎ ልጁን በዲሲ ትምህርት ቤት በነፃ ያስተማረ የሜሪላንድ ወላጅ ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል፤ የቆሙም አሉ።

አገር ቤት ላለ ዘመድ «ዲሲ» ማለት ነውር ነው የሚል ሐሳብ የለኝም። ቡራዩ ወይም ለገጣፎ የሚኖረውም ውጭ አገር ሲጠየቅ አዲስ አበባ ነው የሚለው፤ ሰሚው የሚያውቀውን ስም መጥራት የአባቶች ወግ ነው። ሾፌሩ እንዳሉት ለብዙዎቻችን ዲሲ የመጀመሪያው የእንጀራ ቦታ ናት፤ ያን ስም ከአፋችን ማንም አይወስደውም። እርስ በርሳችን ስንነጋገር፣ ማኅበር ስናቋቁም፣ ልጆቻችን አድራሻቸውን ሲማሩ ግን ካውንቲያችንን በስሙ መጥራት አለብን። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጎንደር፣ ዲሲም ከአዲስ አበባ ጋር የእኅትማማች ስምምነት አላቸው፤ ጎረቤቶቻችን ሁለቱን ለይተው የሚያውቁትን እኛ ልንቀላቅለው አይገባም።

አንድ ነገር ልጨምር። በታኮማ ፓርክ፣ ሜሪላንድ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በከተማው ምርጫ ለመሳተፍ የአሜሪካ ዜግነት አይጠየቅም፤ ከ2013 ወዲህ ደግሞ 16 ዓመት የሞላው ሁሉ ይመርጣል። በዚያች ከተማ ግሪን ካርዳቸውን ይዘው፣ ዜግነት ገና እየጠበቁ የሚኖሩ ብዙ ወገኖች አሉ፤ «ዲሲ ነው የምኖረው» እያሉ ይህ ድምፅ እንዳላቸው ሳያውቁ ዓመታት አልፈዋል። ምርጫው በየሁለት ዓመቱ ኖቬምበር ላይ ነው። ቤትዎ በታኮማ ፓርክ ወሰን ውስጥ ከሆነ ወደ ከተማው ጸሐፊ ቢሮ ሄደው ይመዝገቡ፤ የልጅዎንም ስም ያስመዝግቡ።