ደርሶ የሚቆም ውሻ

ገጠር ያደገ ሰው ቆቅን ያውቃታል። ማሳ ዳር ለዳር ሲሄድ፣ ዓይኑ ምንም ሳያይ፣ ከእግሩ ሥር ፍርርር ብላ ትነሣና ክው ታደርገዋለች። ሲመጣ ሰምታዋለች፤ ሲቀርብም አይታዋለች። ግን አልበረረችም። ከአፈሩና ከደረቁ ሣር ጋር ተመሳስላ፣ መሬት ላይ ተለጥፋ፣ ያልፈኛል ብላ ስትጠብቅ ቆየች። ጥርጣሬ የማይለየውን ንቁ ሰው “ቆቅ ነው” እንላለን፤ የቆቅ ብልሃት ግን ከመብረሯ ይልቅ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት አለመብረሯ ላይ ነው።

አድፍጦ መቅረት የቆቅ ጠባይ ብቻ አይደለም። ድርጭትም ታደርገዋለች፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ሜዳዎች የሚታደኑ ብዙ ወፎችም እንዲሁ። የአውሮፓ አዳኞች በዚህች ጠባይ ላይ ተመሥርተው አንድ ሙሉ የውሻ ወገን አረቡ፦ ጠቋሚ ውሾችን። ሥራቸው ያደፈጠችውን ወፍ በአፍንጫ ማግኘት፣ ካገኙ በኋላም ሳይነኳት፣ ሳይጮኹባት ቀጥ ብሎ መቆም ነው።

ሲሠሩ ያያቸው ሰው አይረሳውም። ውሻው ራሱን ከፍ አድርጎ፣ ነፋሱን በአግድም እየቆረጠ፣ ሜዳውን ግራና ቀኝ ያስሳል። ከዚያ በሙሉ ሩጫ ላይ እያለ አንዳች ነገር እንደያዘው ሁሉ ድርቅ ይላል። ጭራው ይገተራል፣ አፍንጫው ወደ አንድ ቁጥቋጦ ይቀሰራል፣ አንዳንዴም የፊት እግሩ አየር ላይ ታጥፎ ይቀራል። በሥዕል የለመድነው ይህ የተነሣ እግር ግዴታ አይደለም፤ ሽታው ሲያቆመው አየር ላይ የነበረው እግር ነው እዚያው የቀረው። አዳኙ እስኪደርስ ደቂቃዎች ቢያልፉም ውሻው ይጠብቃል። አዳኙ ውሻውን አልፎ ወፏን በእግሩ ያስነሣታል፣ ይተኩሳል፤ ጥሩ ሥልጠና ያለው ውሻ ተኩሱን ሰምቶም “ሂድ” እስኪባል ንቅንቅ አይልም። ሌላ ውሻ አብሮት ከመጣ ደግሞ፣ ያ ውሻ ምንም ሳይሸተው፣ የጓደኛውን መቆም ብቻ አይቶ ከሩቅ ይቆማል። ለእኔ ከሁሉም የሚያስገርመው ይህ ነው፤ የባልንጀራን አፍንጫ ማመን።

ነገሩ ከየት መጣ ለሚል ሰው፣ ድመት አይጥ ስታድን ማየት ይበቃዋል። ታደባለች፣ ትጠጋለች፣ ከመዝለሏ በፊት ለአፍታ ትረጋለች። የውሻ ቅድመ አያቶችም ያችን አፍታ ያውቋት ነበር። ሰው ያደረገው አፍታዋን በትውልድ መሳብ ነው፤ ረዘም ላለ ጊዜ የረጋውን ከረጋችው ጋር እያገናኘ፣ መዝለሉ ወደ ኋላ እየቀረ፣ መርጋቱ ራሱ ሥራ ሆነ። ስለዚህ መጠቆም ከሥልጠና በፊት በደም ውስጥ አለ። ሥልጠና የሚጨምርለት ትዕግሥትን ነው። የሁለት ወር ቡችላ እንኳ በገመድ ጫፍ የታሰረ የወፍ ክንፍ ሲወዛወዝለት ድርቅ ብሎ ሊቆም ይችላል። ሻጮች ይህን ለገዢ ማሳየት ይወዳሉ። ያምራል፤ ስለ አፍንጫው ግን የሚነግረን ነገር የለም፤ ቡችላው የቆመው በዓይኑ ነውና።

የወፍ ጠመንጃ ከመለመዱ በፊት ይህ ሥራ የመረብ ነበር። ውሻው ወፎቹን ሲያገኝ ሆዱን መሬት አስነክቶ ይተኛል፤ ሰዎቹ መረቡን ከውሻው በላይ አሳልፈው ወፎቹ ላይ ይጥላሉ። ሴተር የሚባሉት ውሾች ስማቸውን ያገኙት ከዚህ አተኛኘት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኪዝ እ.ኤ.አ. በ1570 በላቲን ባሳተመው የእንግሊዝ ውሾች መጽሐፍ ሴተርን “ኢንዴክስ” ይለዋል። ቃሉ በላቲን እኛ ሌባ ጣት የምንላት የጠቋሚዋ ጣት ስም ጭምር ነው። ያንኑ ጣት እነሱ ለጠቆማ፣ እኛ ለሌባ መስጠታችን ሌላ ወሬ ነው።

ጠመንጃው ከመጣ በኋላ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። የብሪታንያ ባለ ርስቶች ብዙ ውሻ የማኖር አቅም ስለነበራቸው ለእያንዳንዱ ሥራ የየራሱን ውሻ አደረጉለት። አንዱ ያገኛል፣ ሌላው የወደቀውን አንሥቶ ያመጣል። ፖይንተርና ሴተሮቹ፣ ማለትም የእንግሊዙ፣ ቀዩ የአየርላንዱ እና ጥቁሩ የስኮትላንድ ጎርደን፣ ለማግኘትና ለመቆም ብቻ የተሳሉ ቢላዎች ናቸው። በጀርመን ምድር ግን ከ1848ቱ አብዮት በኋላ አደን የመሳፍንት ብቻ መሆኑ ቀረ። ነጋዴውም፣ የደን ሠራተኛውም፣ ትንሽ መሬት ያለውም ሰው ማደን ቻለ፤ ቤቱ ግን የሚበቃው ለአንድ ውሻ ነው። ያ አንድ ውሻ ወፍ እንዲጠቁም፣ ከቀዝቃዛ ውኃ ዳክዬ እንዲያወጣ፣ የቆሰለ አጋዘን ደም ተከትሎ እንዲደርስበት ተፈለገ። ማታ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ምድጃ ዳር ይተኛል።

ዛሬ ለአደንም ለቤተሰብም የሚሆን ጠቋሚ ውሻ የሚፈልግ ሰው ያለበት ሁኔታ ከዚያ ጀርመናዊ ሁኔታ ብዙም አይርቅም። ችግሩ አብዛኛው ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከአደኑ መሆኑ ነው። በአሜሪካ የወፍ አደን ወቅት በጠቅላላው ከመኸር እስከ ብርዱ ወራት ይዘልቃል፤ ሥራ ያለው ሰው ከዚያ ውስጥ ሜዳ የሚውለው ጥቂት ቅዳሜና እሑድ ነው። ቀሪውን ዓመት ውሻው ሳሎን ውስጥ ነው። በእኔ ግምት ጥያቄው መጠየቅ ያለበት ከሳሎኑ ተነሥቶ ነው።

ከጀርመኑ ፍላጎት የወጣው ዋናው ውሻ አጭር ጸጉሩ የጀርመን ፖይንተር ነው። ወንዱ ከ25 እስከ 32 ኪሎ ይመዝናል። ብዙ ጊዜ ጉበት መሳይ ቡናማ ወይም ቡናማና ነጭ ነጠብጣብ ነው፤ ጸጉሩ ብዙ ማበጠሪያ አይጠይቅም፤ ሁሉንም ሥራ ይሠራል። ብዙ ሰው “ይህ ይበቃኛል” ብሎ እዚህ ላይ ቢያቆም አልፈርድበትም። ግን ጉልበቱን በወሬ መረዳት አይቻልም። በቀን አንድ ሰዓት ያህል ያለ ገመድ ካልሮጠ ጉልበቱን ሌላ ቦታ ያወጣዋል፦ በሶፋው፣ በበሩ፣ በአትክልቱ። እስከ ሦስት ዓመቱ ድረስ ቡችላ ነው ማለት ይቻላል። ትንሽ ልጅን ገፍቶ ሊጥል ይችላል። ድመት ያለው ሰው ውሻው ከሕፃንነቱ ካልለመዳት፣ ጓሮ ዶሮ የሚያረባ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ቢያስብበት ይሻላል፤ ለዚህ ውሻ ዶሮና ቆቅ የሩቅ ዘመዳሞች አይደሉም።

የሀንጋሪው ቪዥላ በቤተሰብ ፍቅር ይበልጠዋል። ስሙ በሀንጋሪኛ ጠቋሚ ውሻ ማለት ነው። የዝገት ወርቅ ቀለም፣ ከ20 እስከ 27 ኪሎ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከመጥፋት የተረፈ ዝርያ። ከሰው እግር ሥር አይጠፋም፤ ባለቤቱ ማድቤት ሲገባ ይገባል፣ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ይጠብቃል። ይህ ደስ የሚለው ቤት አለ፣ የሚያፍነውም ቤት አለ። ባልም ሚስትም ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ ከሆነ ቪዥላ ብቻውን መዋልን አይችልም። ጩኸትና ቁጣም ይሰብረዋል፤ አንድ ጊዜ በጭካኔ የተቀጣ ቪዥላ ሜዳ ላይ ከባለቤቱ ራቅ ብሎ ለመፈለግ ይፈራል።

ቦታ ለሚጠበው ቤት እኔ የማደላው ወደ ብሪታኒ ነው። ከፈረንሣይ ምዕራባዊ ጫፍ የመጣ፣ ከ14 እስከ 18 ኪሎ ብቻ የሚመዝን፣ ብዙ ጊዜ ብርቱካናማና ነጭ ውሻ ነው፤ ብዙዎቹ አጭር ጭራ ይዘው ይወለዳሉ። ስፓንየል ይባል ነበር፤ ነገር ግን ስፓንየሎች ወፍን ገፍተው ያስነሣሉ እንጂ አይጠቁሙም። የአሜሪካ የውሻ ዝርያዎች መዝጋቢ ክለብ በ1982 “ስፓንየል” የሚለውን ቃል ከስሙ ያነሣው ለዚህ ነው። ትንሽ መሆኑ ግን ሰነፍ ማለት አይደለም፤ ሩጫ እሱም ይፈልጋል። ልዩነቱ፣ መኪናም ውስጥ አልጋም ላይ የሚይዘው ቦታ ግማሽ መሆኑ ነው።

የእንግሊዝ ሴተር ቤት ውስጥ ከሁሉም የረጋ ነው ይባላል፤ እውነትም አለው። ኤድዋርድ ላቨራክ የተባለ አርቢ እ.ኤ.አ. በ1825 ፖንቶና ኦልድ ሞል በተባሉ ሁለት ውሾች ጀምሮ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ይህን ዝርያ አጥርቶታል። ረጅሙ ጸጉሩ ግን ከሜዳ ሲመለስ ጭጎጎት ለብሶ ነው የሚመጣው፤ ማታውን ሙሉ አንድ በአንድ መልቀም ነው። የእንግሊዙ ፖይንተር ደግሞ አዳኞች በፈረስ የሚከተሉት ሩቅ ፈላጊ ነው፤ አፓርታማ ውስጥ ሊያኖረው የሚያስብ ሰው ውሻውንም ራሱንም ይበድላል። ሽቦ ጸጉር ያላቸው፣ የጀርመኑም፣ ሆላንዳዊው ኤድዋርድ ኮርትሃልስ በ1870ዎቹ ማርባት የጀመረው ግሪፎንም፣ ለብርድና ለእሾህ የተሠሩ ናቸው፤ ጢማቸው ውኃ በጠጡ ቁጥር ወለሉን ያረጥባል።

ስለ ግራጫው ቫይማራነር ከመልኩ ይልቅ ታሪኩ ያስተምራል። ጀርመን ውስጥ በ1897 የተመሠረተው ክለቡ ዝርያውን በጥብቅ ቁጥጥር ይዞት ነበር። አሜሪካ ከገባ በኋላ በ1950ዎቹ ፋሽን ሆነ፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እንኳ ሃይዲ የምትባል ቫይማራነር ነበረቻቸው። ፋሽን ሲመጣ አደን አይቶ የማያውቅ ሁሉ ያረባል። የአየርላንዱ ቀይ ሴተርም በዚሁ መንገድ አልፏል። ዛሬ በብዙዎቹ ዝርያዎች ውስጥ ለውድድር መድረክ የተረባው ሐረግና ለሜዳ የተረባው ሐረግ በስም አንድ፣ በሥራ ሁለት ናቸው። ስለዚህ የዝርያው ስም የሚነግረን የታሪኩን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ እናትና አባቱ ናቸው፤ አርቢው ሁለቱንም ሜዳ ላይ ሲሠሩ ካላሳየ፣ የዳሌ መገጣጠሚያቸው በራጅ የታየበትን ወረቀት ካላወጣ፣ ቡችላው የቱንም ያህል ቢያምር እግርን ማንሣት ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከ1969 ጀምሮ ለእነዚህ ሁለገብ ውሾች ፈተና የሚሰጥ ማኅበር አለ፤ የቡችሎቹ ፈተና እስከ 16 ወራቸው ድረስ አፍንጫቸውን፣ አፈላለጋቸውን፣ ዱካ መከተላቸውን፣ አጠቋቆማቸውን፣ ውኃ መድፈራቸውን፣ የሥራ ፍላጎታቸውንና ከሰው ጋር መተባበራቸውን ይመዝናል። የወላጆቹን ውጤት መጠየቅ ነውር አይደለም።

ውሻን ከግቢ አስወጥቶ ሳሎን ማስገባት ለብዙ ሐበሻ ቤት አዲስ ነገር ነው፤ ስለዚህ ሁለት የእኛኑ ቤት ነገሮች ላንሣ። አንደኛው ወጥ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ “ትንሽ ፍርፋሪ ምን አላት” ተብሎ በየቀኑ የሚወረወር እንጀራ በወጥ ቀስ ብሎ ይመርዘዋል። ሁለተኛው ቡና ነው። ረከቦት ወለል ላይ፣ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ፣ የሴተር ጭራ ደግሞ ልክ በዚያ ከፍታ። ይህን ሒሳብ እያንዳንዱ ቤት ራሱ ያወራርደው። በተረፈ እነዚህ ውሾች ደረተ ጥልቅ ስለሆኑ ጠግበው እንደበሉ ማስሮጥ አይገባም፤ ጨጓራቸው ተነፍቶ ሊዞርና በሰዓታት ውስጥ ሊገድላቸው ይችላል።

በደቡብ ዳኮታ፣ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከሱ ፎልስ ከተማ ትንሽ ወጣ ሲባል፣ ሜዳው የፌዛንት ነው። ወፉ መጤ ነው፣ ትውልዱ ከእስያ፤ እዚያ ግዛት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲታደን የተፈቀደው በ1919 ነበር። ፌዛንት ደግሞ እንደ ቆቅ አክብሮ አያደፍጥም፤ በሣሩ ውስጥ በእግሩ ይሮጣል። ወጣቱ ውሻ ይጠቁማል፣ ሰው ሲደርስ ቦታው ባዶ ነው። ደግሞ ይጠቁማል፣ ደግሞ ባዶ። አንዳንዱ ውሻ በዚህ ተናድዶ ወፍ ማሳደድ ይጀምራል። አንዳንዱ ሲያረጅ ይማራል፤ ሽታው ሲርቅበት ቀስ ብሎ ይከተላል፣ ሲጠነክርበት ይቆማል፣ ሲርቅበት ይከተላል። ቡችላ ለማሳደግ ጊዜ ለሌለው ቤተሰብ፣ ባለቤቱ መያዝ ያቃተውን እንዲህ ያለ አምስት ስድስት ዓመት የሞላው ውሻ መውሰድም አንድ መንገድ ነው። ጠባዩ ታውቋል፣ ሶፋ መብላቱን ትቷል። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ሲያደርስ ርግብ አጥር ሥር ካየ ግን ገመዱ ላይ እንዳለ ድርቅ ይላል፤ ልጆቹም ቦርሳቸውን እንደተሸከሙ ርግቧ እስክትነሣ ይጠብቁታል።