ከመንፉሓ ጉድጓድ እስከ አሪዞና ችሎት

(ድምፅ፦ የመኪና ጡሩምባ፣ የገበያ ግርግር)

ተራኪ፦ ይህ መንፉሓ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሪያድን ያወቋት በዚህ ሰፈር ነው። በአጠገቡ ዋዲ ሐኒፋ ያልፋል። ነዳጅ ሳይገኝ በፊት በዚህ ሸለቆ የተምር እርሻ የሚለማው በጉድጓድ ውሃ ነበር። አንዱ አጥልቆ ሲቆፍር የጎረቤቱ ጉድጓድ ሊነጥፍ ይችላል፤ ጠብ የሚነሳው ያኔ ነው።

የሳዑዲ ዳኞች የሚከተሉት የሸሪዓ ሕግ ፈለግ፣ የሐንበሊ መዝሀብ፣ በየጉድጓዱ ዙሪያ ሌላው የማይደርስበት ክልል ይሰጣል፤ ለአዲስ 25 ክንድ፣ ለጥንቱ 50 ክንድ። የጎርፍ ውሃ ሲሆን ደግሞ መዲና ላይ የተሰጠ ፍርድ አለ። ዙበይርና አንድ የመዲና ሰው በቦይ ውሃ ተጣሉ። ነቢዩ ሙሐመድ መሬቱ በላይ በኩል ያለው ዙበይር አጠጥቶ ለጎረቤቱ እንዲለቅ ፈረዱ። ታችኛው ግን የአክስትዎ ልጅ ስለሆነ አዳሉለት ብሎ ተቆጣ። ያን ጊዜ ዙበይር ሙሉ መብቱን አገኘ፤ ውሃው እርከኑ ሥር እስኪደርስ ይያዝ ተባለ። ልኩም እስከ ቁርጭምጭሚት ሆነ። የመጀመሪያው ፍርድ ዕርቅ ነበር፤ ያን የገፋ ሰው ሕጉን ተቀበለ። በእኛም አገር የውሃ ተራ የሚያወጣ የውሃ አባት አለ።

ዛሬ ባላጋራው መንግሥትም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የሳዑዲ የውሃ ሕግ የውሃ ምንጮችን የመንግሥት ሀብት አድርጓል፤ ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። በመሥሪያ ቤት ውሳኔ የተበደለ ሰው አቤት የሚለው ለአስተዳደር ፍርድ ቤቱ፣ ለዲዋን አል-መዛሊም ነው።

ጥብቅነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1980ዎቹ በረሃው ላይ ስንዴ የበቀለው ዝናብ በማይተካው የከርሰ ምድር ውሃ ነበር። መንግሥት የአገር ውስጥ ስንዴ መግዛቱን በ2016 አቆመ፤ የአረንጓዴ መኖ እርሻም ተገደበ።

መኖው ግን ባሕር ተሻገረ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሪያድ የሆነው የወተት ኩባንያ አልመራይ፣ ፎንዶሞንቴ በተባለ ንዑስ ድርጅቱ በኩል በ2014 አሪዞና መሬት ገዝቶ ለከብቶቹ አልፋልፋ ያበቅላል። በዲሴምበር 2024 የግዛቲቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ክሪስ ሜይስ ድርጅቱን ከሰሱ፤ የጎረቤት ጉድጓዶች ደረቁ፣ መሬትም ሰጠመ ሲሉ። ድርጅቱ ክሱ መሠረተ ቢስ ነው ብሏል። ክሱ ሲመሠረት በዚያ አካባቢ ውሃ የመሳቡን መጠን የሚገድብ ሕግ አልነበረም። እኔ ግን በአገር ቤት የተገደበን እርሻ በሌላ ሰው ጉድጓድ ኪሳራ ማካሄድ ፍትሕ ነው ብዬ አላምንም። ዐቃቤ ሕጓ የጠየቁት ከልክ ያለፈው ስበት እንዲገታና ለጉዳቱ ማቃለያ ፈንድ እንዲቋቋም ነው።