ናቹራል ወይስ ሶሻል? ክርክራችን ስለ ሦስት ትምህርት ብቻ ነው

ሰኔ ተጋምሶ ካርድ ሲሰጥ፣ የ10ኛ ክፍል ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ አንድ ክርክር ይነሳል፦ 11ኛ ላይ ናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ) ይግባ ወይስ ሶሻል (ማኅበራዊ ሳይንስ)? ወላይታ ውስጥ፣ በሶዶም ሆነ የሆቢቻ ወረዳ ከተማ በሆነችው በቢጠና፣ ይህ ክርክር ጠንከር ይላል። ምክንያቱ መሬት ነው። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ለአምስት ልጅ ተቆራርሶ የሚበቃ ማሳ ያለው አባት ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙ ወላጅ ለልጁ የሚያወርሰው ትምህርትን ነው፤ ልጁ አንዴ ተሳስቶ ከመረጠ ሁሉም ነገር ያበቃ ይመስለዋል።

ያበቃል ወይ? ወዳጆቼ፣ ነገሩን ፈታ አድርጌ ላሳያችሁ፤ ስታዩት ቀለል ይላችኋል።

ከፈተናው እንጀምር። ልጁ በ12ኛ ክፍል መጨረሻ የሚቀመጥበት ብሔራዊ ፈተና ስድስት ትምህርት አለው። የናቹራል ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል። የሶሻሉ ደግሞ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፏቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በሁለቱም በኩል አሉ። ሒሳቡ ለሶሻል ለብቻው ይዘጋጃል እንጂ ከሒሳብ ማምለጫ የለም። ቤተሰብ ቡና አፍልቶ እስከ እኩለ ሌሊት የሚከራከረው እንግዲህ ስለ ፈተናው ግማሽ ነው። ስለ ሌላው ግማሽ፣ ስለ እንግሊዝኛው፣ ስለ ሒሳቡና ስለ አፕቲቲዩዱ፣ ማንም ትንፍሽ አይልም። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከመቶ 50 ማምጣት አለበት፤ በሦስቱ የጋራ ትምህርቶች ከወደቀ በቀሩት ሦስት ብቻ ያን መሙላት ለአብዛኛው ልጅ የማይቻል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቁጥር በደንብ እንድታዩት የምፈልገው ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ፈተናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ወሰዱ። ውጤቱ ሲወጣ አገር ደነገጠ፦ ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን በዘርፍ ስንከፍለው ምን ይመጣል? ከናቹራል 339,642 ተፈትነው 22,936 አለፉ፤ 6.8 በመቶ ገደማ። ከሶሻል 556,878 ተፈትነው 6,973 አለፉ፤ 1.3 በመቶ ገደማ። «ፊዚክስ ከከበደው ሶሻል ይግባና ይለፍ» የሚለው ምክር በዚህ ቁጥር ፊት አይቆምም። እርግጥ ነው፣ በትምህርታቸው ጠንከር ያሉት ልጆች አብዛኞቹ ቀድሞውኑ ናቹራል ስለሚገቡ ልዩነቱን ሁሉ በዘርፉ ላይ መጫን አይገባም። ሶሻል ግን የመሸሸጊያ ቦታ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ከዚያ ወዲህ አጠቃላይ ውጤቱ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኗል። እየተሻሻለ ነው፤ በሩ ግን አሁንም ጠባብ ነው።

ሶሻል ለምን እንዲህ ይከብዳል? አንዱ ምክንያት ቋንቋ ይመስለኛል። በደቡብ የአገራችን ክፍል ልጆች እስከ 4ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ በወላይታ ደግሞ በወላይትኛ ተምረው ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ መማር ነው ልማዱ የነበረው። ታሪክና ጂኦግራፊ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ንባብ ናቸው። በፊዚክስ ቀመሩና ሥዕሉ ልጁን ደግፎ ያሻግረዋል፤ በታሪክ መጽሐፍ ግን አንቀጹን ካልተረዳው የሚይዘው ነገር የለም። ከእንግሊዝኛ ሸሽቶ ሶሻል የገባ ልጅ እዚያው ይበልጥ በዝቶ ያገኘዋል። ተረጋግቶ ማንበብ የሚወድ ልጅ ደግሞ እዚያ ያብባል፤ እሱን «ጎበዝ ነህ» ብሎ ወደ ናቹራል መግፋት ትልቅ ጉዳት ነው።

«ጎበዝ ናቹራል፣ ሰነፍ ሶሻል» የሚለው አነጋገር ከየት መጣ? ዕድሜው ረጅም ነው፤ መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ግድም ያወጣው የ70 በ30 ምደባ ግን ይበልጥ አጸናው። ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲያጠና ተወሰነ። ሐሳቡ አገሪቱ ኢንዱስትሪ ስትገነባ መሐንዲስና የሳይንስ ባለሙያ ያስፈልጋታል የሚል ነበር። የምህንድስና ትምህርት ክፍሎች በተማሪ ተጥለቀለቁ። ዛሬ የ10ኛ ክፍል ልጅ የሚመክሩ ብዙ አጎቶችና ታላላቅ ወንድሞች በዚያ ዘመን የተማሩ ናቸው፤ ምክራቸውም የዚያ ዘመን ምክር ነው። በቅንነት ይመክራሉ፤ የሚመክሩበት ሥርዓት ግን ተለውጧል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ) ዓመት ተመልሷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ በዲግሪ መመረቅ የለም።

አሁን ወደ ካርዱ እንምጣ፤ ረጋ ብለን ማየት ያለብን እሱን ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንድ ደስ የሚል ለውጥ አለ፦ ድሮ 11ኛ ክፍል ላይ ይጀመር የነበረው ኢኮኖሚክስ አሁን ከ9ኛ ይጀመራል። ስለዚህ የ10ኛ ክፍል ልጅ ከአፕቲቲዩድ በቀር በሁለቱም ዘርፍ የሚፈተንባቸውን ትምህርቶች ሁለት ዓመት ቀምሷቸዋል። ማስረጃው እጃችሁ ላይ ነው። የ9ኛውንና የ10ኛውን ካርድ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ደረጃውን ለጊዜው ተዉት። ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ሦስተኛ መውጣት ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ አንጻር የት እንዳለ ይነግራችኋል፤ ፊዚክስ ይገባዋል ወይ ለሚለው ግን መልስ አይሰጥም። ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን ደምሩ፤ ጂኦግራፊን፣ ታሪክንና ኢኮኖሚክስን ደምሩ። ከዚያ የትኛው ከሴሚስተር ሴሚስተር እየወጣ፣ የትኛው እየወረደ እንደሆነ ተመልከቱ። እየወጣ ያለ 65 እየወረደ ካለ 75 ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ቀጥሎ ነጥቡ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የፊዚክስ መምህር ግማሹን ዓመት ያልነበረበት ክፍል ነው? ላብ ውስጥ አንድም ቀን ገብቶ ያውቃል? ዓይቶት የማያውቀውን ነገር «አልወደውም» የሚል ልጅ ትምህርቱን ገና አልተዋወቀውም። በተለይ ስለ ሴቶች ልጆች ይህን አጥብቄ እላለሁ፦ ከትምህርት ቤት መልስ ውሃ ስትቀዳ፣ ስትጋግር፣ ታናናሾቿን ስትጠብቅ የምታመሽ ልጅ በኬሚስትሪ 58 ብታመጣ ቁጥሩ የሚለካው የተሰጣትን ሰዓት ነው። ለአንድ ወር የማታውን ሥራ ቀንሱላትና የሚሆነውን እዩ።

ልጆቻችን ደግሞ ታላቅን ያከብራሉ። አባት «ሐኪም ትሆናለህ አይደል?» ሲል ልጅ «አዎ አባባ» ይላል፤ ይህ መልስ ስለ ፍላጎቱ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ጥያቄውን ለውጡት። «ማንም ሳያዝሽ የምትጀምሪው የቤት ሥራ የቱ ነው?» «ጓደኞችሽ አስረጂን ብለው የሚመጡት በየትኛው ትምህርት ነው?» «ተሳስተሽም እንኳ ደግመሽ መሞከር የማይሰለችሽ የቱ ላይ ነው?» እነዚህን ደግሞ አባት ከሚጠይቅ አክስት ወይም የምትቀርባት መምህርት ብትጠይቅ መልሱ ይበልጥ ይፈታል።

ስለ ሥራ ዓለም ስናወራ ልጆቹ የሚያውቁት ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ መምህርና የባንክ ሠራተኛ ብቻ ነው። እስቲ ከቢጠና ጎረቤት ከሁምቦ አንድ ነገር ላሳያችሁ፤ እኔ በጣም የምወደው ምሳሌ ነው። የሁምቦ ተራሮች ለማገዶና ለከሰል ተጨፍጭፈው ራቁታቸውን ቀርተው ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ ነዋሪዎቹ 2,728 ሄክታር ከልለው፣ በአብዛኛው አዲስ ችግኝ ከመትከል ይልቅ፣ ከመሬት ሥር በሕይወት የቆዩትን ጉቶዎች እየገረዙ እንደገና እንዲያቆጠቁጡ አደረጉ። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ። ደኑ ከአየር ላይ የሚያስቀረው ካርቦን ተለክቶ 165,000 ቶኑን በዓለም ባንክ የሚተዳደር ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ነበር።

እስቲ አስቡት፣ እዚያ ተራራ ላይ ስንት ሙያ እንዳለ! ጉቶ ለምን እንደሚያቆጠቁጥ የሚያውቀው ባዮሎጂ ነው። በዛፉ ውፍረት ካርቦኑን የሚያሰላው ሒሳብ ነው። ድንበሩን በካርታ ላይ ያሰፈረው የጂኦግራፊ ሰው ነው። ውሉን ያነበበው ሕግና እንግሊዝኛ የሚያውቅ ነው። ገንዘቡ ለሰባት ማኅበራት እንዴት እንደሚደርስ የሚመዘግበው የሒሳብ አያያዝ ባለሙያ ነው። ናቹራልና ሶሻል የሚባለው ግድግዳ ትምህርት ቤት ውስጥ እንጂ ሥራው ላይ የለም። ልጃችሁን ሁምቦ ውሰዱትና «ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን ብሰጥህ የትኛውን ትወስዳለህ?» በሉት። ሁምቦ ካልተመቸ ኦቶና ሆስፒታል፣ በግልጽ የሚያስችል የወረዳ ፍርድ ቤት፣ አረካ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ወይም የሰፈር ብየዳ ቤት ይሁን። አንድ ከሰዓት በኋላ ቆሞ ማየት ከአንድ ዓመት ምክር ይበልጣል።

ታዲያ የትኛው በር ነው በእውነት የሚዘጋው? ሕክምና፣ የጤና ሙያዎችና ምህንድስና ናቹራል ይጠይቃሉ። ሕግና ጋዜጠኝነት በአብዛኛው በሶሻል በኩል ነው መግቢያቸው። ከዚህ ውጪ ያለው ብዙ ነገር ቆይቶ ይወሰናል። ልጁ 11ኛ ላይ ዘርፍ ይመርጣል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፍሬሽማንን ሲጨርስ፣ በውጤቱና ባለው ቦታ መጠን ዲፓርትመንት ይደርሰዋል። 50 ያልሞላለት ልጅ በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ሌላ ዕድል ሊያገኝ ይችላል። ቴክኒክና ሙያም አለ፤ ሶዶ ውስጥ የግብርና ኮሌጅ አለ፤ ይህን መንገድ የወደቁ ልጆች ማከማቻ አድርጎ መቁጠር በደል ነው። የጊዜውንም ሒሳብ ከልጁ ጋር አብራችሁ ሥሩ፦ ፍሬሽማንን ጨምሮ አብዛኛው ዲግሪ አራት ዓመት፣ ሕግና ምህንድስና አምስት ዓመት ይፈጃሉ፤ ሕክምና ከዚያም ይረዝማል።

ካርዱ በሁለቱም በኩል እኩል ሆኖ ልጁም ገና ካልወሰነ፣ እኔ ናቹራልን እመርጥለታለሁ፤ የሕክምናና የምህንድስና በር ኋላ ተመልሶ ስለማይከፈት። የሶሻሉ ድምር በግልጽ በልጦ ሳለ «በሩ እንዳይዘጋ» ብሎ ናቹራል ማስገባት ግን ስሕተት ነው። ፈተናውን ካላለፈ ያ በር አይከፈትለትምና።

ሕይወትም መንገዷን ትቀይራለች። በቦሎሶ ሶሬ የተወለዱት አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምህንድስና፣ ከዚያም በፊንላንድ ታምፐሬ የሳኒቴሽን ምህንድስና አጥንተው፣ አርባ ምንጭ በውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም መምህርና ዲን ነበሩ። ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር። እሳቸው በተማሩባት ፊንላንድ ልጆች እስከ 16 ዓመታቸው ግድም ሳይከፋፈሉ አብረው ይማራሉ፤ በአብዛኛው ጀርመን ግን በ10 ዓመታቸው ይለያያሉ። የእኛ ልጆች የሚመርጡበት ዕድሜ ለፊንላንዱ ይቀርባል፤ ይህ በጎ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁሉንም ትምህርት የመቅመስ ጊዜ ይሰጣል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በየዩኒቨርሲቲው ያላችሁ የወላይታ ልጆች፣ ለክረምት ወደ ቢጠና፣ ወደ ቦዲቲ፣ ወደ አረካ ስትመለሱ፣ ከሰፈራችሁ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ፈልጉ። የፍሬሽማን ኮርሶቻችሁን ዝርዝር አሳዩት፤ ዲፓርትመንት እንዴት እንደደረሳችሁ ሳትደብቁ ንገሩት፤ ካርዱንም አብራችሁት ደምሩ። መስከረም ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ይሁን።