ትንሿ የድምፅ ሣጥን በከበሮ ስትፈተን

በዐቢይ ጾም ወራት፣ ዘፈን ከየቤቱና ከየሱቁ ገለል ብሎ የበገና ዜማ በፈንታው ሲሰማ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሀና ማርያም ሰፈር የሚያልፍ መንገደኛ፣ ከስልክ መሸጫ ሱቆች ደጃፍ አንዲት ከጡብ የማትበልጥ ሣጥን በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ያን ባለዐሥር አውታር ታላቅ መሣሪያ በሆዷ የዋጠች ይመስል ስታስገመግም ይሰማል። ሕዝቡ «ብሉቱዝ ስፒከር» ይላታል፤ ባለሱቁም ድምፅዋን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ፣ የታክሲው ጥሩምባ ሁሉ በእርስዋ እስኪሸነፍ ድረስ ካሰማ በኋላ ዋጋዋን ይናገራል። ገዥም በጩኸቷ ብርታት ተደንቆ ኪሱን ይፈታል። እኔ ግን የዚህችን ሣጥን እውነተኛ ዋጋ ለማወቅ የሚሻ ሰው ለባለሱቁ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ልመና «እስቲ ዝቅ አድርግልኝ» የሚል ይሁን እላለሁ።

ድምፅን በሣጥን ውስጥ መስማት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ ወዲህ፣ ግራሞፎኑ ለሬዲዮ፣ ሬዲዮውም ለቴፕ፣ ቴፑም ለእጅ ስልክ ቦታውን እየለቀቀ እዚህ ደርሰናል። የዛሬዪቱ ሣጥን ከቀደሙት የምትለየው ከዜማው ምንጭ ጋር የሚያስራት ገመድ ባለመኖሩ ነው። ገመዱን የተካውን ረቂቅ ማሰሪያ፣ ብሉቱዝን፣ የኤሪክሰን ኩባንያ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1994 በስዊድን አገር መሥራት ጀመሩ፤ ስሙም በ10ኛው ምዕተ ዓመት በዴንማርክ ከነገሠው፣ «ሰማያዊ ጥርስ» ይባል ከነበረው ከንጉሥ ሃራልድ የተወረሰ ነው፤ ንጉሡ የተለያየውን ሕዝብ አንድ እንዳደረገ፣ ይህም ጥበብ የተለያዩትን መሣሪያዎች ያስማማል ለማለት ነው። የብሉቱዝ የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 2.4 ቢሊዮን ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ሲሆን ውኃ ያደክመዋል፤ የሰውም ገላ አብዛኛው ውኃ ነውና፣ ስልኩን በኋላ ኪሱ ከትቶ፣ ፊቱን ወደ ሣጥኒቱ እንዳደረገ ዐሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ ሰው የማሰሪያዋን ጽናት በአንድ ደቂቃ ይመረምራል። ዜማው በዚያ ርቀት ቢቆራረጥ፣ በሳሎንና በጓዳ መካከልም መቆራረጡ አይቀርም።

ከዚህ ቀጥሎ ካርቶኑን ማንበብ ይገባል፤ ካርቶን ራሱ በራሱ ላይ የሚመሰክርበት ጊዜ አለና። በአንዱ ጎኑ «40 ዋት» ተብሎ በትልቁ ተጽፎ፣ በሌላው ጎኑ ደግሞ ባትሪው 1200 ሚሊአምፔር ሰዓት እንደሚይዝና ሣጥኒቱ 6 ሰዓት እንደምትዘፍን በደቃቁ ተጽፎ ቢገኝ፣ ሒሳቡን መሥራት ለማንም አይከብድም። የእነዚህ ባትሪዎች ግፊት 3.7 ቮልት ነው፤ 1.2 በ3.7 ሲባዛ ከ4.4 ዋት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ሣጥኒቱ በእውነት ሳታቋርጥ 40 ዋት ብታወጣ ባትሪዋ 7 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ባዶውን በቀረ ነበር፤ 6 ሰዓት የምትቆይ ከሆነ ደግሞ በአማካይ የምታወጣው አንድ ዋት አይሞላም። እንግዲህ ያ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ነው። ደግሞም ጆሮ የኃይልን እጥፍ እንደ ድምፅ እጥፍ አድርጎ አይቀበልም፤ ዋቱ በእጥፍ ቢያድግ ጭማሪው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ዋቱ ወደ ዐሥር እጥፍ መድረስ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በ5 ዋትና በ10 ዋት መካከል ላለው ልዩነት ብዙ ገንዘብ የሚጨምር ሰው፣ ጆሮው በቅጡ ለማያውቀው ነገር ይከፍላል።

ወደ ዜማው ስንመለስ፣ በገና ለእንዲህ ያለው ምርመራ አታላይ ፈታኝ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። እያንዳንዱ አውታር በሚያርፍበት በርኩማ ላይ እንዝራ የምትባል የቆዳ ቁራጭ ትገባለች፤ በእርስዋም ምክንያት አውታሩ የበርኩማውን ጠርዝ እየነካ ስለሚነዝር፣ ጎርናናው ድምፅ በብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይታጀባል። ትንሽ ሣጥን ጎርናናውን መሠረት ማውጣት ቢሳናት እንኳ፣ አጃቢዎቹን ካሰማች የሰው አእምሮ የጎደለውን ከራሱ ጨምሮ ይሞላላታል። ይህም ብቻ አይደለም፤ ከሣጥኒቱ ውስጥ የላላ ነገር ቢያንኮሻኩሽ፣ ንዝረቱ የእንዝራው ይሁን የብሎኑ ጆሮ ሊለየው አይችልም።

ከበሮ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር መግፋትን ይጠይቃል፤ ስፋቱ 4 ወይም 5 ሳንቲሜትር የሆነ የስፒከር ሽፋን ደግሞ የሚገፋው አየር ጥቂት ነው። ስለዚህ የከበሮው ሰፊ ገጽ ሲመታ ደረትን የሚያንኳኳው «ድም»፣ ከደካማ ሣጥን ሲወጣ ካርቶን እንደ መቆርቆር ይሆናል። ጥሩ ሠሪዎች ለዚህ ችግር መድኃኒት ሲፈልጉ፣ በሣጥኑ ጎን ኤሌክትሪክ የማይደርሰው፣ ከውስጥ በሚገፋው አየር ብቻ የሚርገበገብ ሌላ ሽፋን አበጁ፤ አስመሳዮችም የዚያን መልክ ያለው ጌጥ ለጥፈው መሸጥ ጀመሩ። ጣት ቀስ ብሎ ሲያርፍበት፣ ከበሮው በተመታ ቁጥር ወጣ ገባ የሚል ከሆነ እውነተኛው ነው። ለሰው ድምፅ ደግሞ ከሬዲዮ የሚበልጥ መመርመሪያ የለም፤ ሸገር ኤፍ ኤም 102.1ን ከፍቶ፣ የተናጋሪው «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ሳይቧጭሩ፣ ድምፁም ከጋን ውስጥ እንደሚመጣ ሳይሆን ቢሰማ፣ ሣጥኒቱ ግማሹን ፈተና አልፋለች።

የቀረው ፈተና የዕድሜዋ ነገር ነው። ሊቲየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ከተራገፈ በኋላ ጉልበቱ እየከዳው ይሄዳል፤ በየቀኑ የምትሠራ ሣጥን እንግዲህ ከአንድ ዓመት ትንሽ አልፋ የባትሪ ለውጥ ትጠይቃለች። ስለዚህ በሙጫ የታሸገችውን ትቶ በብሎን የምትከፈተውን፣ ቻርጀር ማስገቢያዋም እንደ ዛሬዎቹ ስልኮች ታይፕ ሲ የሆነውን የሚመርጥ ሰው፣ ለሰፈሩ ስልክ ጠጋኝ ሥራ፣ ለራሱም ተስፋ ይተዋል። ለክረምቱም «ውኃ አያስገባም» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ አይፒኤክስ 7 የሚለው ምልክት ግን በአንድ ሜትር ጥልቅ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየትን የሚመለከት የታወቀ መለኪያ ነው።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብርና የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሲንር አይተናል፤ ስለዚህም ዋጋን በወር ከፋፍሎ ማየት ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በ1,200 ብር ተገዝታ በ4 ወር የምትሞት ሣጥን በወር 300 ብር ታስከፍላለች፤ በ3,000 ብር ተገዝታ 20 ወር የምታገለግለው ግን በወር 150 ብር ብቻ ናት። ሆኖም 3,000 ብር በእጁ የሌለውን ሰው «አላዋቂ» ብሎ መዝለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ርካሺቱም ብትሆን በብሎን የምትከፈት፣ በዝግታም ስትናገር የጠራች ከሆነች፣ ባለቤቷን አታሳፍርም።

በጾሙ ወራት ከበሮና ጸናጽል በቤተ ክርስቲያን ዝም ይላሉ፤ ለሣጥን ሻጭ ከዚህ የሚመች ዘመን የለም፤ የሚያጋልጠው ምስክር ጠፍቶ፣ የሚሸፍንለት በገና ብቻውን ይቀራልና። እንግዲህ ገዥው ያለፈውን የጥምቀት ወረብ በስልኩ ይዞ ይሂድ፤ ሣጥኒቱንም ከደጃፍ ወደ ሱቁ ውስጥ አስገብቶ፣ ድምፅዋንም ለአንድ ክፍል ቤት በሚበቃ መጠን አስቀንሶ ይስማት። ይህን ሳያደርግ የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ ፋሲካ ሩቅ አይደለም፤ ከበሮው ሲመለስ የገዛውን ነገር ምንነት ይነግረዋል።